ከጎጃም ተነሥቶ ውጭ አገር መዝናናት፦ ከፓስፖርት ፊደል እስከ ሞምባሳ ባቡር

የውጭ አገር ጉዞ ሲሰናከል ሰበቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ቀን ናት። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፤ የቢጫ ወባ ክትባቱ 10 ቀን አልሞላውም፤ አውሮፕላኑ የበረረው «ነገ ነው» ሲባል በነበረበት ሌሊት ነው። ገንዘቡ ተዘጋጅቶ፣ ፈቃዱ ተገኝቶ፣ ሻንጣው ታስሮ በእንዲህ ያለ ነገር መቅረት ያንገበግባል። ይህ መመሪያም ጊዜ የሚያጠፋው እነዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ጉዞ እንያዝ፦ ከፍኖተ ሰላም የሚነሡ ባልና ሚስት፣ 8 ቀን፣ ወደ ኬንያ፣ መነሻ ጥር 20። ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ የምትመከረው ኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማይጠየቅባት፣ ከአዲስ አበባ በረራው 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነና አየሩ ለደጋ ሰው ስለማይከብድ ነው። ናይሮቢ 1,795 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳርም 1,800 ገደማ። ሰዓቷም ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሌላ አገር ለሚመርጥም አብዛኛው እርምጃ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቪዛው ላይ ይመጣል።

ወሩን መቁረጥ

ለጎጃም ሰው የሚመቹ ሁለት ጊዜዎች አሉ። ክረምት ለመምህርና ለተማሪ ቤተሰብ ይሆናል፤ ገበሬ ቤት ግን የእርሻና የአረም ወቅት ነው፤ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። ጥር ይሻላል። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ ጥምቀት አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል። ባሕረ ሐሳብ ለሚቆጥር ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነነዌ ከጥር 17 በታች፣ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በታች አይወርዱም። የነነዌ ሦስት ቀን በጉዞው መሐል ቢያጋጥም እንኳ ኬንያ ውስጥ ባቄላ፣ ቻፓቲና ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን በየምግብ ቤቱ አለ። ጎመኑ በምን ዘይት እንደተሠራ መጠየቅ ብቻ ነው።

የሚሄዱበትን አገር ዝናብም ይዩ። በኬንያ ትልቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ፣ ትንሹ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይዘንባል። ጥር መጨረሻ በሁለቱ መሐል ያለ ደረቅ ወቅት ነው። በሐምሌ የሚሄድ ሰው ናይሮቢ ላይ ሹራብ ያስፈልገዋል፤ «አፍሪካ ሞቃት ነው» ብሎ በሸሚዝ የወጣ ይንዘፈዘፋል።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጥር 20 ለመነሣት ፓስፖርት የሌለው ሰው መስከረም ላይ ማመልከት አለበት። ቲኬትና ማረፊያ ኅዳር ላይ፣ ክትባት ታኅሣሥ ላይ፣ የውጭ ምንዛሪ ከጥር መግቢያ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ባሉት የሥራ ቀናት። በመሐል ደግሞ የበዓላቱ ሳምንታት እንደሚባክኑ አስቀድመው ይቀንሱ። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ በወረቀት ሲታይ ሁለት ሳምንት ነው፤ በሥራ ሲታይ ግን ግማሹም አይሞላም።

ፓስፖርት፦ ስሙና ልደቱ

ማመልከቻው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ይሞላል፤ ከዚያ በቀጠሮ ቀን በአካል ቀርቦ አሻራና ፎቶ ይሰጣል። በየከተማው ኢንተርኔት ቤት ቅጹን የሚሞሉ ልጆች አሉ፤ ፈጣኖች ናቸው፣ የሚሳሳቱትም በፍጥነታቸው ነው። አጠገባቸው ተቀምጠው ፊደል በፊደል ያንብቡ። «ላክ» ከመጫኑ በፊት ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ከመሙላትዎ በፊት የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ፋይዳ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስቱም ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ነው? አንዱ ላይ «ገብረሥላሴ» ሌላው ላይ «ገብረ ሥላሴ» ከሆነ፣ በአማርኛ ልዩነቱ ባዶ ቦታ ናት፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ስም ያደርገዋል። በላቲን ፊደል ደግሞ ይብሳል። ፀሐይነሽ የተባለች ሴት አንዱ ሰነድ ላይ በ«ቲ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ልትጀምር ትችላለች። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ማረም ወጪውም እንግልቱም ከፍ ያለ ነው፤ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የተሳሳተውን ማረም ይቀላል። ትክክሉ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ይወስኑና ከዚህ በኋላ ለዲግሪም ለባንክም ያንኑ ይጠቀሙ።

የልደት ቀን ሲቀየር ደግሞ እንዲህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ዓመቱ ላይ 7 ይጨምራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ የተወለደ 8። ጥቅምት 12 ቀን 1985 የተወለደ ኦክቶበር 22, 1992 ይሆናል። ጥር 12 ቀን 1985 የተወለደ ጃንዋሪ 20, 1993። ብዙ ሰው ለሁሉም ወር 8 ይደምርና ኅዳር የተወለደውን ልጅ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ሌላዋ ረቂቅ ነገር ጳጉሜን 6 ናት፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ 12 ላይ ይውላል፤ የአንድ ቀን ዝንፈቱም እስከ የካቲት ይዘልቃል። ለምሳሌ በ2019 ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በ2020 ዓ.ም. ጥር 20 ቀን ጃንዋሪ 29 ላይ ይውላል፤ በሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 28 ነው። ቲኬት ሲቆርጡ ይህችን አይርሱ።

ፓስፖርት ላለው ሰው፦ የማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ። ብዙ አገሮች ከመግቢያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። አየር መንገዱ ራሱ ቼክ ኢን ላይ ይህን ያያል፤ መንገደኛው ከተመለሰ ቅጣቱ አየር መንገዱ ላይ ስለሚያርፍ ልመና አይሰማም። ሁለት ባዶ ገጽም ይኑረው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ፣ በተለይ ብቻውን ከሆነ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የሌላውን ወላጅ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ስምምነት ይያዝ።

ቪዛ የሚጠይቅ አገር ከሆነ

ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ሁሉ ያለ ቪዛ ክፍት ናት። ወደ አውሮፓ የሸንገን አገሮች ግን ሥራው ሌላ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ቆንስላው የሚፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ይመለሳል? የሚመልሰው ወረቀት ነው። ተቀጣሪ ከሆኑ የደመወዝ መጠን፣ የተፈቀደ ዕረፍትና ወደ ሥራ የመመለሻ ቀን ያለበት ደብዳቤ፤ ነጋዴ ከሆኑ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፤ የቤት ካርታ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር። በአማርኛ ያለው ሁሉ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተርጎም።

የባንክ መግለጫ ላይ የሚሠራው ስሕተት በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው። ሒሳቡ ለወራት 4,000 እና 6,000 ብር እያለ ይቆይና ማመልከቻው ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ የተሰበሰበ 500,000 ብር በአንድ ቀን ይገባል። መግለጫውን የሚያየው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ መስመር ላይ ነው። ገንዘቡ እውነት የእርስዎ ከሆነ፣ ማለትም በሬ ተሽጦ፣ በቆሎ ተሽጦ ወይም እቁብ ወጥቶ ከሆነ፣ በወጣበት ቀን ይግባ፤ የሽያጭ ውሉ ወይም ደረሰኙም አብሮ ይቅረብ። የገበሬ ገቢ በዓመት አንዴ መምጣቱ ነውር አይደለም፤ ሳይብራራ መቅረቡ ነው የሚያስጠረጥር።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ «በሽርሽር ቪዛ እልክሃለሁ፣ እዚያ ሥራ ታገኛለህ» የሚል ደላላ የሚሸጠው ሽርሽር አይደለም። ወደ ገልፍ አገሮች በጎብኚ ቪዛ የሚወጣ ሰው ቦሌ ላይ የሆቴልና የመመለሻ ቲኬት ቢጠየቅ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እውነተኛ ጎብኚ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይቅረብ።

ቲኬት፦ ስም፣ ሰዓትና አንድነት

ስሙን ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት ረድፎች ይቅዱ። ላይኛው ረድፍ ከአገሪቱ መለያ ቀጥሎ መጀመሪያ «ሰርኔም» የሚባለውን ይጽፋል፤ በእኛ ፓስፖርት የአያት ስም ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ ግራ የሚያመለክቱ ሁለት የቀስት ጫፍ ምልክቶች አሉ፤ ከዚያ የራስ ስምና የአባት ስም ይከተላል። ቲኬቱ «ላስት ኔም» ሲል የአያት ስም፣ «ፈርስት ኔም» ሲል የራስና የአባት ስም ይግባ። ቲኬት ቆራጩ ከቃል ሰምቶ ሲጽፍ የአባትን ስም በአያት ቦታ ያስገባል። ሚስት የባሏን ስም እንድትይዝ የሚያደርግም አይጠፋም። የተላከልዎትን ቲኬት ፓስፖርትዎን ከፍተው እዚያው ቢሮ ቆመው ያነጻጽሩ፤ በዚያው ቀን ማረም ከነገ ይልቅ ይቀላል።

ሰዓቱ ሌላ ወጥመድ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት 6 ሲቀነስለት የእኛ ይሆናል፤ 14፡40 ማለት ከቀኑ 8፡40 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን 6 ይደመርለታል፤ 00፡20 ማለት ከሌሊቱ 6፡20። ሰው የሚስተው ይህን አይደለም፤ ቀኑን ነው። «ጃንዋሪ 28፣ 00፡20» የሚል ቲኬት ጥር 20 ተብሎ ይተረጎምና መንገደኛው ጥር 20 ማታ እየተመራረቀ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ግን ለጥር 20 አጥቢያ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ሄዷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚገባው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ00፡00 እስከ 06፡00 የሚነሣ ማንኛውም በረራ ሲገጥምዎ ወረቀት ላይ «ጥር 19 ማታ 3 ሰዓት ቦሌ» ብለው በአማርኛ ይጻፉና በሩ ላይ ይለጥፉት።

ሦስተኛው ጉዳይ ቲኬቱን አንድ ማድረግ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ቲኬት፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሌላ ቲኬት ለየብቻ ሊቆረጥ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ይረክሳል። ግን የባሕር ዳሩ በረራ ዘግይቶ የናይሮቢው ቢያመልጥ ሁለተኛውን ቲኬት ማንም አይተካም። ሁለቱም በአንድ መለያ ቁጥር፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር ባላት በአንዲት ቡኪንግ ከተቆረጡ ግን አየር መንገዱ በቀጣዩ በረራ ያሳፍርዎታል፤ ሻንጣውም ከባሕር ዳር ናይሮቢ ድረስ ይለጠፍለታል። የሻንጣ ክብደትም ይለያያል፦ ለአገር ውስጥ ብቻ በተቆረጠ ቲኬት 20 ኪሎ ሲፈቀድ ከውጭው ጋር በተያያዘው የውጭው ልክ ይሠራል። ቲኬቱ ላይ «2 ፒሲ» ካለ ሁለት ሻንጣ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ።

ክትባትና መድኃኒት

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ኬንያም፣ ታይላንድም፣ ሌሎች ብዙ አገሮችም የክትባቱን ማስረጃ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን ይጠይቃሉ። ካርዱ ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። ለጥር 20 መንገደኛ የመጨረሻዋ ቀን ጥር 10 ናት፤ ያውም ከተራ። ታኅሣሥ ላይ ይጨርሱት። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ10 ዓመቱ ገደብ ተነሥቷል። አሮጌ ካርድ ላይ «10 ዓመት» የሚል ቢኖርም እንደገና መከተብ አያስፈልግም። ካርዱ ላይ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የክትባቱ መለያ ቁጥርና ማኅተም መኖሩን ግን ከመውጣትዎ በፊት ይዩ።

ክትባቱ ሕያው ተዋሲ ስላለበት ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን፣ የሰውነት መከላከያቸው ለደከመና እንቁላል በጣም ለሚያስቆጣቸው ሰዎች አይሰጥም። ነፍሰ ጡርና ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይከተብ።

ለሞምባሳ የወባ ነገር አለ። የጣና ዳር ሰው «ወባን እናውቃታለን» ይላል፤ ማወቅ ግን አይከላከልም። ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ካዘዘ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከመድረስ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚያቋርጠው ቤቱ ሲገባ ነው፤ ተዋሲው ደግሞ ጉበት ውስጥ ቆይቶ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በራሱ ዕቃ ሆኖ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይያዝ። በተለይ ወደ ዱባይ ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል። ጫትም እንዲሁ።

ገንዘብ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ባንኮች የሚሸጡበት ዋጋና የሚቆርጡት ኮሚሽን ይለያያል። ሦስት ባንክ ይጠይቁ። ፓስፖርት፣ ቲኬትና የሚያስፈልግ ከሆነ ቪዛ ይዘው ይቀርባሉ። የባንኩን ማስረጃ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡ፤ ቦሌ ላይ ዶላሩ ከየት መጣ ሲባል የሚያሳዩት እሱን ነው። ከጥቁር ገበያ የተገዛ ዶላር ይህ ወረቀት የለውም፤ ሊወረስ ይችላል።

ገንዘብ ተቀባዩ ሲቆጥርልዎ የእያንዳንዱን ኖት ዓመት ያንብቡ። ከባለ ሥዕሉ አጠገብ «ሲሪስ» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አለ። በምሥራቅ አፍሪካ ከ2009 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ 100 ዶላር ብዙ ቦታ አይቀበሉትም፤ ቢቀበሉም ዋጋውን ያወርዱታል። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም ማኅተም ያረፈበትም ያው ነው። በትሕትና «ይቀይሩልኝ» ይበሉ፤ መስኮቱን ከለቀቁ በኋላ ግን አይቀየርም። ከመቶዎቹ ጋር ጥቂት 20 እና 10 ይቀላቅሉ።

ቴሌብርና የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ አይከፍሉም። አንዳንድ ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ ይሰጣሉ፤ ካገኙ ይያዙ፣ ምክንያቱም በኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ሥር ያሉ ፓርኮች በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ካርዱ በስልክ የሚልከውን ማረጋገጫ ቁጥር ለመቀበል ሲምዎ ላይ ሮሚንግ፣ ማለትም ስልኩ ውጭ አገርም እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት፣ ከመነሣትዎ በፊት ያስከፍቱ። ይህን የዘነጋ ሰው ካርዱን ይዞ ቁጥሩን ያጣል።

ወጪውን በደብተር በሦስት ረድፍ ይክፈሉት፦ እዚህ የተከፈለ፣ በካርድ የሚከፈል፣ በእጅ የሚያዝ። ከጠቅላላው ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ባልና ሚስቱም እኩል ተካፍለው ይያዙት።

ሻንጣ

የጎጃም ሻንጣ ያለ ስንቅ አይታሰርም፤ ስንቁ ደግሞ ያለ ፌስታል አይቋጠርም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኬንያ ከኦገስት 28, 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ታንዛንያ ከጁን 2019፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ። ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውንና በሶውን በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ጣሳ ያድርጉት። ጫማም በፌስታል አይጠቅለል።

ማርና የተነጠረ ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ በእጅ ሻንጣ አያልፉም፤ ፍተሻው ላይ ይጣላሉ። በሚጫነው ሻንጣ ከሆነ ማሩ ጠርሙሱ አፍ ላይ ላስቲክ ታስሮ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ በልብስ መሐል ይቁም። ወደ አውሮፓ ከሆነ ሥጋና የወተት ውጤት ጭራሽ አይገባም፤ ቋንጣና ቅቤ እቤት ይቅሩ። ጥሬ እህልና ዘር የትም አገር የዕፅዋት ፈቃድ ያስጠይቃል፤ የተቆላና የተፈጨ ይሻላል።

ፓወር ባንክ በተቃራኒው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል ዕቃ ክፍል ውስጥ የሚያጠፋው ሰው የለም። በእጅ ይያዝ፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ያልፋል። የኬንያ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፤ የእኛ ክብ ሁለት እግር አይገባበትም፣ ማስተላለፊያ ይግዙ። ክብደቱን እቤት ሳሉ ይመዝኑ፤ የወፍጮ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ከቤት እስከ ቦሌ

የእድሩን ዳኛ ያሳውቁ፤ የሚወድቀውን የእቁብ ዕጣና ክፍያ ለሚታመን ሰው ይስጡ። የፓስፖርት፣ የቲኬትና የቢጫ ካርድ ቅጂ አንድ ለወንድም ወይም ለጎረቤት ይቅር፣ አንድ በስልክ ይግባ።

በመኪና የሚሄድ ሰው ከፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስ፣ ደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ የአንድ ቀን ቢሆንም በአንድ ቀን አይታቀድ። መንገድ የሚዘጋበት፣ መኪና የማይንቀሳቀስበት ቀን ስላለ ቢያንስ 3 ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ። ባሕር ዳር ሄዶ በአውሮፕላን መነሣት ሌላው አማራጭ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ያለው መንገድ ስላለ በዋዜማው እዚያ ማደር ይገባል። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ቲኬቱና የሆቴሉ ማረጋገጫ በወረቀት ይታተሙ።

ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ከላይ ወደ ታች፦ ፓስፖርት፣ ቲኬት ከነመመለሻው፣ ቢጫ ካርድ፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ የባንክ ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤ። የኢሚግሬሽን መኮንን ሲጠይቅ አጭር መልስ ይበቃል፦ «ለሽርሽር፣ 8 ቀን፣ እዚህ ሆቴል»። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት መልስ ይስጡ፤ እሱ 8 ቀን እሷ 2 ሳምንት ካለች ወረፋው ይረዝማል።

ኬንያ ከገቡ በኋላ

አየር ማረፊያው ላይ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ ትንሽ ብቻ ይመንዝሩ፤ ከተማ ውስጥ ዋጋው ይሻላል። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይሸጣል፤ ሲገዙ በስልክ ገንዘብ መክፈያው ኤም ፔሳ አብሮ እንዲከፈት ይጠይቁ። የፓርክ መግቢያም፣ ታክሲም፣ ሙዝ ሻጭም በእሱ ይከፈላሉ።

መኪናው በግራ ነው የሚሄድ። መንገድ ሲሻገሩ ዓይን በልማድ ወደ ግራ ይዞራል፤ የሚመጣው ግን ከቀኝ ነው። ታክሲ ላይም የሾፌሩን በር ከፍተው እንዳይገቡ። በስዋሂሊ ሰዓት ሲነግሩዎ ደግሞ አይደናገሩ፤ እነሱም እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራሉ፣ «ሳ ምቢሊ» ማለት ሁለት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ የነገረዎ ግን በፈረንጅ ነው። የባቡርና የፓርክ ሰዓት ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው የሚጻፈው።

ስምንቱ ቀን እንዲህ ቢከፈል ይመቻል፦ ሦስት ቀን ናይሮቢ፣ አራት ቀን ሞምባሳ፣ አንድ ቀን መመለሻ። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ይገኙ፤ እንስሳቱ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይገባሉ፣ ከረፋድ በኋላ የሄደ ሰው ሣር አይቶ ይመለሳል።

የሞምባሳው ባቡር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ወደ 470 ኪሎ ሜትር በ5 ወይም 6 ሰዓት ይሄዳል። ከ2024 ወዲህ ተራው ማዕረግ 1,500፣ አንደኛው 4,500 ሺሊንግ ነው። የጠዋቱ በየጣቢያው ይቆማል፤ ሜዳውን ለማየት ግን እሱ ነው የሚመረጠው። ቲኬቱ በጥቂት ቀን ቀድሞ በኦንላይን ይቆረጣል፤ በፓስፖርት ቁጥር ስለሆነ ፓስፖርቱ አብሮ ይያዝ። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው ጣቢያው ላይ ነው፦ አዲሱ ጣቢያ ስዮኪማው የሚባል ሰፈር ነው ያለው፣ ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። በናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ይህ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፤ ፍተሻውም ሻንጣ ሁሉ ተዘርግቶ በውሻ የሚታይበት ስለሆነ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከሆቴል ሳይሆን ጣቢያው ላይ መገኘት ነው።

ሞምባሳ ላይ ሙቀቱ እንደ መተማ ነው፤ ሹራቡ ናይሮቢ ሆቴል በአደራ ይቅር። ጣና ላይ የዋኘ ሰው ባሕሩን አይናቀው፦ የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ውኃው ሲሸሽ እየተከተሉ በአሸዋው ርቀው የወጡ ሰዎች ሲመለስ መሐል ላይ ይቀራሉ። የዕለቱን የሙሊትና የሽሽት ሰዓት ሆቴሉን ይጠይቁ፤ በሽሽት ጊዜ በድንጋዩ ላይ ሲሄዱ ጫማ ያድርጉ፣ እሾኻም የባሕር ፍጥረት እግር ይወጋል።

ለመመለስ የባቡሩንና የአውሮፕላኑን ቀን አንድ ላይ አያድርጉ፤ በዋዜማው ናይሮቢ ይደሩ። ቢጫ ካርዱ ቦሌ ሲገቡም ሊጠየቅ ስለሚችል በእጅ ሻንጣ ይሁን። የተረፈውን ሺሊንግ እዚያው ይመንዝሩ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚገዛው የለም።